ድርና ማግ፦ የቤት ፈትልና የሸማ ሥራ በታሪካችን

መግቢያ

ሁለት ነገር የማይለያይ ሆኖ ሲገኝ የአገራችን ሰው «ድርና ማግ ሆኑ» ይላል። ድር በርዝመት የሚወጠረው፥ ማግ ደግሞ በአግድም የሚገባው ክር እንደ ሆነ ለማንም የተሰወረ አይደለም። ይሁን እንጂ ያንን ድርና ያንን ማግ ማን እንደ ፈተለው፥ ስንት ማታ እንደ ፈጀበት፥ ስለ ድካሙም ምን ዋጋ እንዳገኘ የሚጠይቅ ሰው ብዙ አይደለም። ስለ ነገሥታት ልብስ ተጽፏል፤ ስለ ሸማኔም ተጽፏል፤ ከውጭ ስለ ገባው ጨርቅም የጉምሩክ መዝገብ አለ። ፈታይዋ ግን ከቤቷ ስላልወጣች ከመጽሐፍ እምብዛም አልገባችም።

በዚህ አጭር ጽሑፍ የምናነሣው ጥያቄ አንድ ነው። ይኸውም አንዱ ሸማ ሲፈተል የሚያስከብር፥ ሲሸመን የሚያሰድብ፥ ተሠርቶ ሲለበስ ደግሞ እንደ ገና የሚያስከብር የሆነው ስለ ምን ነው የሚል ነው። ወደ መልሱ ለመድረስ በመጀመሪያ የጥጥን ጥንታዊነት፥ ቀጥሎ በቤት ውስጥ የሚደረገውን ሥራ፥ ከዚያም የፈታይንና የሸማኔን ማዕረግ፥ በመጨረሻም የፋብሪካ ክር ያመጣውን ለውጥ በየተራው እንመለከታለን። ዓመታቱን የምንጠቅሰው፥ ሌላ ካላልን በቀር፥ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

1. ጥጥና ሸማ በጥንት ዘመን

በ1ኛው መቶ ዓመት አንድ ግሪክኛ ጸሐፊ ስለ ቀይ ባሕርና ስለ ሕንድ ውቅያኖስ ንግድ የጻፈው መጽሐፍ እስከ ዛሬ ይገኛል። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ወደ አዱሊስ ወደብ ይገቡ ከነበሩት ሸቀጦች መካከል በግብፅ የተሠሩ ልብሶችና ከሕንድ የመጡ የጥጥ ጨርቆች ተቈጥረዋል። ከዚህ የምንረዳው የአክሱም ሰዎች የጥጥ ልብስን ከጥንት ጀምሮ እንደሚያውቁት ነው። በ4ኛው መቶ ዓመት ደግሞ ንጉሥ ኢዛና በኖባ ላይ ስላደረገው ዘመቻ ባስጻፈው የድንጋይ ጽሑፍ የጠላቶቹን የእህልና የጥጥ ክምችት እንዳጠፋ ይናገራል። እንግዲህ በዚያ ዘመን ጥጥ እንደ እህል በጎተራ የሚከማች፥ በጦርነትም ጊዜ ቢጠፋ ባለቤቱን የሚጎዳ ሀብት ነበረ ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ብዙ ዘመን አልፈን ወደ 16ኛው መቶ ዓመት ብንመጣ የተሻለ ምስክር እናገኛለን። ከ1520 እስከ 1526 በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን በኢትዮጵያ የቈየው የፖርቱጋል ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፥ ከጎጃም ለንጉሡ የቀረበውን ግብር ሲገልጽ ከፈረሱና ከበቅሎው ጋር በሺህ የሚቈጠር የጥጥ ልብስ ሲያልፍ ማየቱን ጽፏል። በ1769 በዓድዋ በኩል ያለፈው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስም በዚያች ከተማ የሚሠራው ወፍራም የጥጥ ሸማ በአገሩ ሁሉ በብር ገንዘብ ፈንታ እንደሚዘዋወር መስክሯል። ስለዚህ ሸማ ልብስ ብቻ አልነበረም፤ ግብርም ነበረ፥ ገንዘብም ነበረ።

እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ብለን ልናስብ ይገባናል። ለንጉሥ የቀረበው የሸማ ብዛት በታሪክ ጸሐፊ ሲቈጠር የሚመሰገነው ወይም የሚታዘንለት ግብር ከፋዩ ባላገር ነው። ነገር ግን ባላገሩ ማረሻ እንጂ እንዝርት አልያዘም። የሸማ ግብር ሲከፈል የተከፈለው የሚስቱ፥ የእናቱና የሴት ልጆቹ ማታ ማታ ነው። ገበሬው በሬውን ፈትቶ ካረፈ በኋላ በምድጃው ዳር የቀጠለው ሥራ ነው ወደ ግቢ የገባው። ይህን ካላስተዋልን የግብሩን ታሪክ ግማሹን ብቻ እናነባለን።

2. በቤት ውስጥ ያለው ሥራ

ይህ ክፍል ለብዙዎቹ አንባብያን የታወቀ ነገር መስሎ እንደሚታይ እናውቃለን። ሆኖም ከእኛ ጋር ከሚማሩት ጓደኞቻችን መካከል አመልማሎና ልቃቂት ምን እንደ ሆኑ ለይተው መናገር የማይችሉ ብዙዎች ስለ ሆኑ፥ በቤታችን ያየነውንና ከእናቶች የጠየቅነውን በቅደም ተከተል እንጽፋለን።

ጥጡ ከቆላ ይመጣል። ከነፍሬው ሲገዛ በመጀመሪያ ይዳመጣል፤ ይኸውም በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተደርጎ ቀጭን ብረት በላዩ ሲንከባለልበት ፍሬው ወደ ፊት እየተፈናጠረ ይወጣል፥ ጥጡም ለብቻው ይቀራል። ቀጥሎ በደጋን ይነደፋል። የደጋኑ ጅማት በጥጡ ውስጥ እየተነዘረ የተቋጠረውን ሲፈታው ጥጡ እንደ ደመና ይነፋል፤ ይህም ባዘቶ ይባላል። ባዘቶው ለእጅ እንዲመች በልኩ ተጠቅልሎ ሲረዝም አመልማሎ ይሆናል። ከዚህ በኋላ እንዝርት ይያዛል። ቀኝ እጅ እንዝርቱን ያሾራል፤ ግራ እጅ አመልማሎውን እየሳበ ያቀጥነዋል። የተፈተለው በእንዝርቱ ላይ ተጠምጥሞ ሲሞላ ወጥቶ ልቃቂት ይሆናል። ልቃቂቱም በሙዳይ ወይም በቅርጫት እየተጠራቀመ ለአንድ ጋቢ ወይም ለአንድ ነጠላ እስኪበቃ ድረስ ይቈያል።

ፈታይዋ ስትጀምር የምትወስነው አንድ ነገር አለ፤ እርሱም የምትፈትለው ለድር ነው ወይስ ለማግ ነው የሚለው ነው። ድር ተወጥሮ የሚቆም፥ መወርወሪያው ባለፈ ቍጥር የሚፋተግ ስለ ሆነ ጠበቅ ብሎ መከረር አለበት። ማግ ግን ውጥረት የለበትም፤ ላላ ብሎ ቢፈተል ለስላሳ ይሆናል፥ ሙቀትም ይይዛል። በአራት ድርብ የሚሠራው ጋቢ ብርድ የሚከላከለው በማጉ ልስላሴ ነው። ይህ የድርና የማግ ልዩነት በኋላ ስለ ፋብሪካ ክር ስንናገር የሚያስፈልገን ስለ ሆነ አንባቢ እንዲያስታውሰው እንለምናለን።

ሥራው አድካሚ መሆኑ አይካድም። በኵራዝ ብርሃን ቀጭን ክር መሳብ ዓይን ይጎዳል፤ ተቀምጦ መዋልና ማምሸትም ወገብ ያሳምማል። ነገር ግን የጠየቅናቸው እናቶች ሁሉ ከድካሙ በፊት የነገሩን ደስታውን ነው። ፈትል እጅን ይይዛል እንጂ አፍን አይይዝም። ስለዚህ ቡና ሲፈላ ጎረቤት እንዝርቷን ይዛ ትመጣለች፤ የታመመ ይጠየቃል፥ የልጅ ሰርግ ይመከራል፥ ተረት ይተረታል፥ በዚህ መካከል ልቃቂቱ ይሞላል። የማን ክር ይቀጥናል የሚል ፉክክርም አለ። ትንሽ ልጅም ለእጇ የሚመች እንዝርት ይሰጣትና ከትልልቆቹ አጠገብ ተቀምጣ ትለማመዳለች። የመጀመሪያዋ ክር ቦታ ቦታ ወፍራም፥ ቦታ ቦታ ደግሞ ቀጭን ሆኖ ለሸማ ስለማይበቃ አይጣልም፤ በሰም ተነክሮ ጧፍ ይሆናል። እንዲህ በመሆኑ የልጅቱ የመጀመሪያ ሥራ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ይበራል። በሰንበትና በታላላቅ በዓላት ግን እንዝርት አይያዝም።

ከፈትል ሌላ በቤት የሚሠሩ የእጅ ሥራዎችም አሉ። በስንደዶና በአክርማ፥ በወስፌ እየተወጋ፥ ሰፌዱና መሶቡ ይሰፋል። በሐረር ከተማም ሴቶች የሚሰፉት ባለቀለም ስፌት የቤቱ ግድግዳ ጌጥ እንደ ሆነ የታወቀ ነው። እንደ መንዝ ባለ ብርድ አገር ደግሞ የበግ ጠጕር ተፈትሎ ባና ይሠራል። እነዚህን ሁሉ በዚህ ጽሑፍ ልንዘረዝራቸው አንችልም፤ ነገር ግን በሁሉም አንድ ነገር ይታያል። ሥራው በቤት ይሠራል፥ በአብዛኛውም ለቤት ይውላል፥ ዋጋውም በገንዘብ አይቈጠርም።

3. ክብር ለፈታይ፥ ስድብ ለሸማኔ

ልቃቂቱ ሲበቃ ወደ ሸማኔ ይሄዳል። በልጅነታችን ይህን መልእክት የምናደርሰው እኛ ነበርን። እናታችን ፈትሉን በጨርቅ ቋጥራ፥ ክብደቱን በእጇ መዝና፥ «መንገድ ላይ እንዳትጫወት፤ ሲቀበልህም እየው» ብላ ትልከን ነበር። ሸማኔው በጉድጓዱ አፍ ተቀምጦ፥ እግሮቹን ከጉድጓዱ ውስጥ አድርጎ መርገጫውን እያፈራረቀ ይረግጣል፤ መወርወሪያውን ከቀኝ ወደ ግራ፥ ከግራ ወደ ቀኝ ይወረውራል። ማጉ በቀሰም ላይ ተጠንጥኖ በመወርወሪያው ሆድ ውስጥ ይገባል። እኛም ቆመን ስናይ ከዚህ የበለጠ ጥበብ ያለ አይመስለንም ነበር። ወደ መንደራችን ስንመለስ ግን ሸማኔው በስሙ ሳይሆን በስድብ ሲጠራ እንሰማ ነበር።

ይህ ነገር በእኛ መንደር ብቻ የሚገኝ አይደለም። ለፈታይ የሚሰጠው ስም «ቀጭን ፈታይ» የሚል ነው፤ ይህም የባለሙያ ሴት ምስጋና ነው። መፍተል የድኻ ሴት ሥራ ብቻ አልነበረም። የመኳንንት ሚስቶችና ልጆችም እንዝርት ይይዙ እንደ ነበረ በየዘመኑ አገራችንን የጎበኙ ሰዎች ጽፈዋል። ከዚህም በላይ በቤተ ክርስቲያን ትውፊት እመቤታችን ማርያም በመልአኩ ገብርኤል በተበሠረች ጊዜ ሐርና ወርቅ አስማምታ ትፈትል እንደ ነበረ ይነገራል፤ ሠዓልያንም የብሥራትን ሥዕል ሲሥሉ እንዝርትና ፈትል በእጇ ያደርጋሉ። እንዝርት በእንዲህ ያለ እጅ ከታየ ማን ሊንቀው ይችላል?

ለሸማኔ የሚሰጠው ስም ግን «ቍጢት በጣሽ» የሚል ነበረ። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. (ይህ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ነው) ባወጡት ዐዋጅ ቀጥቃጩን ጠይብ፥ ሸማኔውን ቍጢት በጣሽ፥ ቆዳ የሚሠራውን ፋቂ እያሉ መሳደብን ከልክለዋል። የሰው ሁሉ መነሻ አዳምና ሔዋን መሆናቸውን አስታውሰው፥ ሠራተኛውን የሚሰድብ ሰው ቢገኝ አንድ ዓመት እንዲታሰር አዝዘዋል። ዐዋጅ የሚወጣው ነገሩ ሲበዛ ስለ ሆነ፥ ይህ ዐዋጅ ለስድቡ ስፋት የጽሑፍ ምስክር ሆኖ ቀርቶልናል።

እንግዲህ ልዩነቱ ከምን መጣ? ሁለቱም አንዱን ጥጥ ይይዛሉ፤ ሁለቱም በእጃቸው ይሠራሉ፤ የሸማኔው ሥራ እንዲያውም ብዙ ዓመት መማርን ይጠይቃል። ስለዚህ ምክንያቱ በሥራው ጠባይ ውስጥ አይገኝም። እኛ እንደሚመስለን ምክንያቱ በርስት ነው። በጎንደርና በአካባቢው ከሸማኔዎቹ ብዙዎቹ እስላሞችና ቤተ እስራኤል ነበሩ። ሁለቱም ወገኖች በዚያ ዘመን በርስት በኩል የተገፉ ነበሩ። ስለ ቤተ እስራኤል የሚነገረው ትውፊት ነገሩን በ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ወደ ነገሠው ወደ ዐፄ ይስሐቅ ይወስደዋል፤ ያልተጠመቀ ርስት እንዳይወርስ ንጉሡ እንዳዘዘ ይተረካል። መሬት የሌለው ሰው የሚበላው የእጁን ሥራ ሸጦ ነው። ስለዚህ ቀጥቃጭነት፥ ሸክላ ሠሪነትና ሽመና የመሬት አልባ ሰው መለያ ሆነ፤ በኋላም ሰውየውን መናቅና ሥራውን መናቅ አንድ ሆነ። ከእነዚህ የቤተ እስራኤል ባለሙያዎች ብዙዎቹ በ1984-85 እና በ1991 በተደረጉት ታላላቅ ጉዞዎች ወደ እስራኤል ስለ ሄዱ፥ በጎንደር ዙሪያ የነበረው የእጅ ሥራቸው ታሪክ ዛሬ በሁለት አገር ተከፍሎ ይገኛል።

ፈታይዋ ግን የባለ ርስት ሚስት ወይም ልጅ ናት። የምትፈትለው ለቤቷ ነው፤ ከማያውቃት ሰው ዋጋ አትቀበልም። ስለዚህ እንዝርቷ የቤቱን ክብር ለበሰ። በአጭር ቃል፥ ክብሩም ስድቡም ከጥጡ አልተፈተለም፤ ክብሩ ከርስትና ከቤት፥ ስድቡም ከመሬት አልባነትና ለሰው ከመሥራት የመጣ ነው።

4. የጋሞ ደጋ ምስክርነት

ይህ ሐሳባችን እውነት መሆኑንና አለመሆኑን ለመመርመር ሸማኔ ባለ መሬት የሆነበትን አገር መመልከት ይገባል። እንዲህ ያለው አገር ከአርባ ምንጭ ከተማ በላይ የሚገኘው የጋሞ ደጋ ነው፤ ጨንቻና ዶርዜ በዚያ ይገኛሉ። በጋሞ ሴቶች ይፈትላሉ፥ ወንዶች ይሸምናሉ። ነገር ግን በዚያ የሚሸምነው ሰው እንሰት የሚተክል፥ ገብስ የሚዘራ፥ በአደባባይ ጉባኤ የሚናገር ባለ መሬት ነው። በጋሞም ቢሆን የተናቁ ሙያዎች አሉ፤ ሸክላ መሥራትና ቆዳ መፋቅ በዚያም የተገለሉ ሰዎች ሥራ ነበሩ። ሽመና ግን ከእነዚህ አልተቈጠረም። ጥጡም ጉድጓዱም መወርወሪያውም በሰሜን ካለው ጋር የሚመሳሰል ሲሆን ስድቡ ብቻ በዚያ የለም።

በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የጋሞ አገር በዐፄ ምኒልክ መንግሥት ሥር ከገባ በኋላ ሸማኔዎቹ ወደ አዲሲቱ ከተማ ወደ አዲስ አበባ መምጣት ጀመሩ። በእንጦጦ ግርጌ በሽሮ ሜዳና በአካባቢው ሰፍረው ለመኳንንቱና ለከተማው ሕዝብ ይሠሩ ነበር። ከየትኛውም የጋሞ ቀበሌ ቢመጡ ከተሜው ሁሉንም «ዶርዜ» አላቸው። በአገራቸው ባለ መሬትና ተናጋሪ የነበረው ሰው በከተማ መሬት የሌለው እንግዳ ሆነ፤ በዚያን ጊዜ በአገሩ ያልሰማውን ስድብ በከተማ ሰማ። ያው ሰው፥ ያው እጅ፥ ያው መወርወሪያ ነው፤ የተለወጠው ከመሬት ጋር ያለው ግንኙነት ብቻ ነው። ይህ ለክርክራችን ጠንካራ ምስክር ይመስለናል።

ስለ ሽሮ ሜዳ ስንናገር ግን መልካሙን ብቻ መናገር ታማኝነት አይሆንም። ከጋሞ ደጋ ትንንሽ ልጆች «ትማራለህ» ተብለው መጥተው ያለ ትምህርትና ያለ በቂ ደመወዝ በሽመና ጉድጓድ ረጅም ሰዓት እንዲሠሩ መደረጋቸው በእኛ ዘመንም በተደጋጋሚ የተመሰከረ ነው። እጅ ሥራ የሚያስደስተው ሠሪው ሲፈልግ የሚያነሣውና ሲፈልግ የሚያስቀምጠው ሲሆን ነው።

5. አቡጀዲ፥ ባቡርና የፋብሪካ ክር

በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ ከውጭ ከሚገቡት ዕቃዎች ዋነኛው የጥጥ ጨርቅ ነበረ። ከዚህም የበለጠው አቡጀዲ የሚባለው፥ በአሜሪካ ፋብሪካዎች የሚሠራው ያልነጣ ጨርቅ ነው። በ1903 ሮበርት ስኪነር የአሜሪካ መልእክተኛ ሆኖ ወደ ዐፄ ምኒልክ መጥቶ የንግድ ውል ሲዋዋል ከምክንያቶቹ አንዱ ይኸው የጨርቅ ንግድ ነበረ። የባቡሩ ሐዲድ በ1902 ድሬ ዳዋ፥ በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ የጨርቁ መንገድ አጠረ። ቀጥሎም የጃፓን ጨርቅ በርካሽነቱ የአሜሪካኑን ገፍቶ ገበያውን ያዘ፤ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1931 ወደ ጃፓን በሄዱበት ጊዜ ይህ ንግድ የታወቀ ነበር።

አቡጀዲ የሥራ ልብስን፥ ሱሪንና እጀ ጠባብን ያዘ። ነገር ግን ጋቢን፥ ኩታንና ነጠላን ሊያስጥል አልቻለም። ሰው በገበያ ቀን አቡጀዲ ቢለብስም ለበዓል፥ ለሰርግና ለኀዘን የሚለብሰው የእናቱ ወይም የሚስቱ እጅ ያለበትን ሸማ ነው። የውጭ ጨርቅ በዋጋ ሊያሸንፍ ይችላል፤ በዚህ ስፍራ ግን ውድድሩ በዋጋ አልነበረም።

ከጨርቁ ይልቅ የእጅ ፈትልን በብርቱ የነካው ክሩ ነው። የፋብሪካ ክር አስቀድሞ ከሕንድ ይገባ ነበር። በኋላም በአገር ውስጥ ፋብሪካዎች ተቋቋሙ፤ ከነዚህም የድሬ ዳዋው በኢጣልያ ወረራ ዘመን የተጀመረው፥ የአቃቂውና በ1961 ሥራ የጀመረው የባሕር ዳሩ የሚታወቁ ናቸው። እዚህ ላይ ስለ ድርና ማግ ልዩነት ቀደም ብለን የተናገርነው ይጠቅመናል። የእጅ ፈትል ድር ሲሆን ይበጠሳል፤ እንዳይበጠስም በቀጭን የዱቄት ሙቅ መታሸት አለበት፤ ሲበጠስም ሸማኔው ሥራውን አቁሞ ይቋጥራል። የፋብሪካው ክር ግን እኩል የከረረ፥ ጠንካራና ሳይበጠስ የሚወጠር ነው። ስለዚህ ሸማኔዎች ድሩን ከሱቅ መግዛት መረጡ፤ ፈታዮቹም ከሥራው ሁሉ አስቸጋሪ የሆነውን፥ ጠብቆ የሚከረረውን የድር ፈትል ስለ ተዉ እምብዛም አላዘኑም።

ማጉ ግን በእጅ ቀረ። የፋብሪካው ክር ለድር የሚመረጥበት ጥብቅነቱ ለማግ ጉድለት ይሆንበታል፤ ልስላሴና ሙቀት የለውም። ዛሬም መልካም ጋቢ የሚባለው ማጉ የእጅ ፈትል የሆነው ነው። እንግዲህ አንድ ጋቢ ስንለብስ ሁለት ታሪክ እንለብሳለን፤ ድሩ የፋብሪካ፥ ማጉ የቤት ነው። ፋብሪካውና ምድጃው በአንድ ጨርቅ ውስጥ ድርና ማግ ሆነው ተገናኝተዋል። መሣሪያ በመጣ ጊዜ የእጅ ሥራ ሁሉ ይጠፋል የሚለው አስተያየት በዚህ ጉዳይ በሙሉ ልክ አይደለም። ሆኖም በቅርብ ዓመታት የሐበሻ ቀሚስን መልክ በፋብሪካ አትመው ከውጭ የሚያስገቡት ጨርቅ ማጉንም ጭምር ስለሚያስቀር፥ ከአቡጀዲ ይልቅ የሚያሰጋው ይህ ነው። አቡጀዲ አቡጀዲ መሆኑን አልደበቀም፤ ይኸኛው ግን የእጅ ሥራ መስሎ ይመጣል።

6. በመዝገብ ያልገባው ሥራ

የታሪክ ተማሪ ማስረጃ የሚፈልገው ከመዝገብ ነው። የጉምሩክ መዝገብ የገባውን ጨርቅ ይቈጥራል፤ የፋብሪካ መዝገብ ሠራተኛውንና ደመወዙን ይቈጥራል፤ የምኒልክ ዐዋጅም ሸማኔውን በስሙ ይጠራል። በፈታይ ስም ግን መዝገብ አልተከፈተም። የተከበረችበት ምክንያት፥ ማለት ሥራዋ ለቤቷ መሆኑና ዋጋ አለመቀበሏ፥ እርሱ ራሱ ከመዝገብ አስወጣት። ሸማኔው ተሰደበ፥ ነገር ግን ተቈጠረ። ፈታይዋ ተመሰገነች፥ ነገር ግን አልተቈጠረችም። ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያነሣሣን ዋነኛው ነገር ይህ ነው።

ክብሩም ቢሆን እስከ ቤቱ ደጃፍ ድረስ ብቻ እንደ ሆነ በራሳችን ቤት አይተናል። አባታችን በልጅነታችን ስለ ሞተ እናታችን ለቤት ትፈትለው የነበረውን ፈትል ለገበያ መፍተል ጀመረች። እንዝርቱ ያው እንዝርት ነው፤ ክሩም እንደ ቀድሞው ቀጭን ነው። ነገር ግን ቅርጫቷን ይዛ ገበያ ከተቀመጠች በኋላ «ቀጭን ፈታይ» የሚላት ሰው አነሰ፤ «ጥጥ ፈትላ የምታድር» ተባለች። ከላይ ስለ ርስትና ስለ ደመወዝ የተናገርነውን ከመጽሐፍ ሳናነበው በፊት ያየነው በዚህ ነው።

ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታችንን የተማርነው በአንድ የሚስዮን ትምህርት ቤት ነው። በዚያ ለሴቶቹ ልጆች የእጅ ሥራ ትምህርት ነበራቸው፤ በኪሮሽ ዳንቴል፥ በሹራብ መሥሪያ ሹራብ ይሠሩ ነበር። ሥራቸውም ጥሩ ነበር፤ ዳንቴልም ዛሬ በአገራችን ቤቶች ሁሉ ገብቶ የእኛው ሆኗል። እንዝርት ግን በክፍል ውስጥ አንድ ቀን እንኳ አላየንም። ይህን የምንጽፈው አስተማሪዎቻችንን ለመውቀስ አይደለም፤ እኛም አላመጣንምና። እንዲያውም በመጀመሪያው ቀን በተሰጠን ወረቀት ላይ «የወላጅ ሥራ» ከሚለው ቃል አጠገብ «ሥራ የላትም» ብለን ጻፍን። የትምህርት ቤቱ ክፍያ የተከፈለው፥ ያን ወረቀት የጻፍንበትም እርሳስ የተገዛው በፈትል ነበር። ይህን ስንጽፍ ማንም አላስገደደንም፤ ፈታይ ብሎ መጻፍ አሳፍሮን ነው።

ለዚህ ጽሑፍ ማስረጃ ስንሰበስብ እናታችንንም እንደ ሌሎቹ እናቶች ጠየቅናት። «በፈትል ሥራ ስንት ዓመት ሠራሽ?» ስንላት እንዝርቷን ሳታቆም፥ «ሥራስ አልሠራሁም ልጄ፤ ፈተልሁ እንጂ» ብላ መለሰችልን። ከላይ የዘረዘርነው ታሪክ ሁሉ በዚህ መልስ ውስጥ ይገኛል። እኛ በወረቀቱ ላይ የጻፍነውን እርሷም በራሷ ላይ ጽፋዋለች።

መደምደሚያ

እስከዚህ ድረስ የተናገርነውን በሦስት ቃል ልንሰበስበው እንችላለን። አንደኛ፥ ሸማ በታሪካችን ልብስ፥ ግብርና ገንዘብ ሆኖ ያገለገለ ሲሆን መሠረቱ በቤት ውስጥ የሚሠራው የሴቶች ፈትል ነው። ሁለተኛ፥ ለፈታይ የተሰጠው ክብርና በሸማኔ ላይ የወረደው ስድብ ከሥራው ጠባይ ሳይሆን ከርስትና ከደመወዝ የተነሣ ነው፤ የጋሞ ደጋ ታሪክ ይህን ይመሰክራል። ሦስተኛ፥ የፋብሪካ ክር ድሩን ሲወስድ ማጉን ለቤት ተወ፤ የእጅ ፈትል እስከ ዛሬ የቈየውም በልስላሴውና ሠሪዎቹ በሚያገኙበት ደስታ ነው።

ከዚህ የተነሣ ለተማሪ ጓደኞቻችን አንድ ነገር ልናሳስብ እንወዳለን። በዕረፍት ጊዜ ወደየአገራችን ስንሄድ እናቶቻችንንና አያቶቻችንን እንጠይቅ። የየአገሩን የመሣሪያ ስም፥ የክሩን ዓይነት፥ ከማን እንደ ተማሩት፥ ለማን እንደ ፈተሉት፥ በስንት እንደ ሸጡት እንጻፍ። በትግራይ፥ በወሎ፥ በጎጃም፥ በጋሞ፥ በኮንሶና በሌላውም ስፍራ ያለው ልዩ ልዩ ቃል ቢሰበሰብ ለታሪክም ለቋንቋም ይጠቅማል። ሽመናውን የሚያስተምር ድርጅት በየከተማው ሊገኝ ይችላል፤ ፈትሉን ግን የሚያስተምሩት እነዚያው እናቶች ናቸው፥ እነርሱም እያረጁ ነው።

ይህ ጽሑፍ የጀማሪ ሥራ ስለ ሆነ ጉድለት እንደማያጣ እናውቃለን። መምህራኖቻችንና አንባብያን ስሕተቱን ቢያርሙልን፥ ከየአገራቸው የሚያውቁትንም ቢጨምሩልን ደስ ይለናል። እኛ በበኩላችን፥ ዘንድሮ ለኮሌጁ መዝገብ ቤት ስለ ወላጅ ሥራ የሚጠይቀውን ወረቀት ስንሞላ፥ «ፈታይ» ብለን ጽፈናል።